በምሳ ሰዓት የፈረሰችው የወንዝ ዳር ከተማ

ሰው በእኩለ ቀን ሥራውን አቋርጦ ከማዕድ በቀረበ ጊዜ ክፉ ነገር ይመጣብኛል ብሎ አያስብም። ሐሳቡ ሁሉ ስለ ምግቡና አጠገቡ ስለ ተቀመጡት ልጆቹ ነው። በአሜሪካ አገር በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የምትገኘው የናቼዝ ከተማ ሕዝብም በሜይ 7 ቀን 1840 ዓ.ም. ሐሙስ ዕለት ከማዕድ የተቀመጠው እንዲሁ ሳይሠጋ ነበር። ይህ ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 30 ቀን 1832 ዓ.ም. ይሆናል፤ ከዚህ በታች የምንጽፈውም ዓመት ሁሉ በዚያው በፈረንጆቹ ነው። የሆቴሎቹ የምሳ ደወል ተደውሎ እንግዳው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ሰማዩ ድንገት ስለ ጨለመ በቀትር መብራት ማብራት አስፈለገ። ከዚያም ብርቱ ዝናም ወረደ፤ ከዝናሙም ጋራ ከዚህ ቀደም ተሰምቶ የማይታወቅ የነፋስ ድምፅ መጣ። ጥቂት ደቂቃ ሳያልፍ ከተማይቱ ፈረሰች፤ በወንዙ ላይ ከነበረውም ሰው እጅግ ብዙው ጠፋ።

ይህን ታሪክ ለቤተ ሰብ ዐምድ የመረጥነው አንባቢን ለማስደንገጥ አይደለም። በዚያ ቀን የሞተው ሰው ቍጥር በብዙ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል፤ ቍጥሩን በተመለከትነው ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ አደረብን። ጥያቄው ምን እንደ ሆነ ነገሩን ከመሠረቱ ከተረክን በኋላ እናመጣዋለን።

ናቼዝ ስሟን ያገኘችው በዚያ አገር ከጥንት ጀምሮ ይኖር ከነበረው ናቼዝ ከሚባለው ሕዝብ ነው። ፈረንሳዮች በ1716 ዓ.ም. በስፍራው ምሽግ ሠሩ፤ ከእነርሱ በኋላ እንግሊዞችና እስፓኞች በየተራ ገዙት፤ በመጨረሻም የአሜሪካ መንግሥት ያዘው። ከተማይቱ የተሠራችው ከወንዙ 60 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ገደላማ ኰረብታ ላይ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ናቼዝ አንዲት ከተማ ሳትሆን ሁለት ነበረች ብንል ከእውነት አንርቅም። በኰረብታው ላይ በጥጥ ንግድ የበለጸጉ ሰዎች ዐምድ ባላቸው ነጫጭ ቤቶች ይኖሩ ነበር። ከገደሉ በታች፤ በወንዙና በኰረብታው መካከል ባለው ጠባብ መሬት ላይ ደግሞ ወደቡ፤ መጋዘኑ፤ የእንግዳ ማረፊያው፤ መጠጥ ቤቱና የቍማር ቤቱ ተጨናንቆ ነበር። ይህን የታችኛውን ሰፈር «ከኰረብታው በታች ያለች ናቼዝ» ይሉታል። የላይኞቹ ሰዎች የታችኛውን ሰፈር ስም በክፉ ያነሡት ነበር፤ ቢሆንም ጥጣቸው ተጭኖ የሚሄደው፤ ዱቄታቸውም የሚመጣላቸው በዚያው ሰፈር በኩል ነበር።

ወደቡን ይሞሉት የነበሩት ሁለት ዓይነት መርከቦች ናቸው። አንደኛው በእንፋሎት ኀይል የሚሄደው ትልቁ መርከብ ነው፤ የመጀመሪያው የእንፋሎት መርከብ ወደዚያ ወንዝ ከወረደ በ1840 ዓ.ም. ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ሁለተኛው ጠፍጣፋ ጀልባ ነው፤ እርሱም ወለሉ ዝርግ፤ ቅርፁም እንደ ሣጥን ሆኖ ከሳንቃ የሚሠራ፤ ሞተርም ሸራም የሌለው፤ በወንዙ ጕልበት ብቻ ቍልቍል የሚወርድ ነው። ከኦሃዮና ከኬንታኪ አገር የሚመጡ ገበሬዎች በቈሎአቸውን፤ ዱቄታቸውንና የዐሳማ ሥጋቸውን በዚህ ጭነው ስንት መቶ ማይል ይወርዳሉ፤ ዕቃቸውን ከሸጡ በኋላ ጀልባውን አፍርሰው ሳንቃውን ደግሞ ይሸጡታል። በጀልባው ላይ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ከቤታቸው የወጡትም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት አብርሃም ሊንከን እንኳ በ1828 ዓ.ም. ገና የ19 ዓመት ልጅ ሳሉ በዚህ ዓይነት ጀልባ እስከ ኒው ኦርሊንስ ወርደዋል፤ በናቼዝም ሥር ያለፉት በዚያ ጊዜ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። የኰረብታውን ቤቶች ያሠራው ጥጥ የሚለማው በባሮች እጅ ነበር። ከከተማይቱ ጥቂት ራቅ ብሎ መንገዶች በሚገናኙበት ስፍራ ከአሜሪካ ትልልቆቹ የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበረ። ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን ከመሰሉ አገሮች በእግርና በመርከብ የተነዱ ወንዶች፤ ሴቶችና ሕፃናት በዚያ ይሸጡ ነበር፤ እናት ለአንድ ገዢ፤ ልጅዋ ለሌላው ይሄዳሉ። ገበያው የተዘጋው በ1863 ዓ.ም.፤ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ፤ የሰሜኑ ጦር ከተማይቱን በያዘ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ዐውሎ ነፋሱ እንመለስ። ፈረንጆች ቶርኔዶ የሚሉት ነፋስ በበጋ ወራት በእርሻችን ላይ ትቢያና ገለባ እያዞረ ሲሄድ የምናየው ዐይነት አይደለም። ይኸኛው ከመሬት ሙቀት ይነሣል፤ ጥቂትም ዞሮ ይጠፋል። ቶርኔዶ ግን የሚወለደው ከላይ፤ ከነጐድጓድ ደመና ነው። ከሜክሲኮ ባሕር የሚነሣው እርጥብና ሙቅ አየር ወደ ሰሜን ሲሄድ ከምዕራብ ከሚመጣው ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ጋራ ይገናኛል። በመሬት ላይ ያለው ነፋስ በአንድ አቅጣጫ፤ ከላይ ያለው በሌላ አቅጣጫና በበለጠ ፍጥነት ሲነፍስ ደመናው ራሱ መሽከርከር ይጀምራል። ሽክርክሪቱ እየጠበበ በሄደ መጠን ፍጥነቱ ይበረታል፤ በመጨረሻም እንደ ማጥለያ ሆኖ ወደ ምድር ይወርዳል። ይህ ነገር በሚያዝያና በግንቦት በዚያ አገር ብዙ ጊዜ ይሆናል። ነገር ግን ዘወትር የሚወርደው በሜዳና በጫካ ላይ ስለ ሆነ አብዛኛው ጕዳቱ ጥቂት ነው።

የናቼዙ ዐውሎ ነፋስ ግን ከከተማይቱ በደቡብ ምዕራብ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተነሣና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲጓዝ የወንዙን መንገድ ይዞ መጣ። በግራና በቀኝ ዳር የነበረውን ጫካ እያጨደ፤ በወርድም በአንዳንድ ስፍራ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ እየሸፈነ፤ በቀጥታ ወደ ወደቡ ደረሰ። ሰዓቱም እንደ እኛ አቈጣጠር ከቀኑ በ7 እና በ8 ሰዓት መካከል ነበረ። በዚያን ቀን በወደቡ ላይ እጅግ ብዙ ጠፍጣፋ ጀልባዎች ታስረው ነበር። በእነዚህ ውስጥ የነበሩት ልጆች ሰማዩ ሲጨልም አይተው ቢሆን እንኳ የሚያደርጉት ነገር አልነበራቸውም፤ ወደ ኰረብታው የሚያወጣው መንገድ ቀጥ ያለ ዐቀበት ነው፤ ነፋሱም ጊዜ አልሰጣቸውም። 116 ጀልባዎች ከገመዳቸው ተበጥሰው፤ ተገልብጠውና ተሰባብረው በወንዙ ጠፉ። ሂንድስ የተባለው የእንፋሎት መርከብ ወደ ወንዙ መካከል ተወስዶ ተገለበጠና ሰጠመ። ከሴንት ሉዊስ እርሳስ ጭኖ የመጣው ፕሬሪ የተባለው መርከብ ደግሞ ከወለሉ በላይ ያለው ቤት በሙሉ ተጠርጎ ተወሰደ። የእርሱ ነው የተባለ መስኮት ከወንዙ 48 ኪሎ ሜትር ርቆ እንደ ተገኘ በጊዜው ተነግሯል። መስኮቱ ያን ያህል ሲሄድ በውስጡ ሆኖ ወንዙን ይመለከት የነበረው ሰው ወዴት እንደ ደረሰ የተናገረ የለም።

በታችኛው ሰፈር ብዙ እንግዳ የሚያርፍበት የእንፋሎት መርከብ ሆቴል የሚባል ነበር። ይህ ቤት ምሳ በሚበላበት ሰዓት በሰዎቹ ላይ ተናደ። ከፍርስራሹ ውስጥ በሕይወት ከወጡት አንዱ ቲሞቲ ፍሊንት ነበሩ፤ እርሳቸውም ስለ ሚሲሲፒ ሸለቆ አገር በጻፉት መጽሐፍ የታወቁ የቀድሞ ሰባኪ ናቸው። ከልጃቸው ጋራ ሲጓዙ በናቼዝ ዐርፈው ነበርና ሁለቱም ለብዙ ሰዓት ተቀብረው ከቈዩ በኋላ ተቈፍረው ወጡ። ዳሩ ግን ጤናቸው ቀድሞውንም ደካማ ስለ ነበረ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ሞቱ። የዚያው ሆቴል ባለቤት ሚስት ደግሞ እጅግ ቈስላ በተገኘች ጊዜ ሁለት ልጆችዋን በክንዶችዋ እንዳቀፈች ነበረች፤ ልጆቹ ግን ሞተው ነበር። የከተማይቱ ጋዜጣ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ ወደ ሌላው ዐልፏል፤ ጸሐፊው ብዙ ሬሳ ስላየ በአንዱ ላይ የሚያቆምበት ጊዜ አላገኘም ይሆናል። እናቶች ሆይ፤ እኛ ግን በዚህ ላይ ጥቂት ቆመን ነበር። ሴቲቱ ጣሪያው ሲወድቅ ልትሸሽበት የምትችለው ጊዜ ምናልባት አንድ እስትንፋስ ያህል ነበረ፤ ያንንም ጊዜ የተጠቀመችበት ልጆችዋን ለመሰብሰብ ነው።

ዐውሎ ነፋሱ ከወደቡ ወደ ኰረብታው ወጥቶ የላይኛይቱንም ከተማ መታ። አብያተ ክርስቲያናት፤ ሱቆችና ትልልቅ ቤቶች ጣሪያቸው ተገፈፈ፤ ብዙዎቹም ከመሠረታቸው ፈረሱ። ስለ ጥፋቱ ለዓለም የነገረው የከተማይቱ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ራሱ ተሰባብሮ ነበር። ከወንዙ ማዶ በሉዊዚያና ግዛት ባለችው በቪዳሊያ የፍርድ ቤቱ ሕንፃ ፈረሰ፤ የዚያም አውራጃ ዳኛ በሰው ቤት ተጋብዘው በምሳ ማዕድ ላይ ሳሉ ሞቱ። የዳኛው ስም በጋዜጣ ተጻፈ፤ እስከ ዛሬም ይገኛል። የጠፋው ንብረት ግምት አንድ ሚሊዮን ከ260 ሺህ ዶላር ተባለ።

እንግዲህ ቀድሞ ወዳልነው ቍጥር ደረስን። በመዝገብ የተያዘው 317 ሙታንና 109 ቍስለኞች ነው። ከሙታኑ 48ቱ በየብስ ላይ፤ 269ኙ በወንዙ ላይ የሞቱ ናቸው። በአሜሪካ አገር በአንድ ቶርኔዶ ከዚህ የበለጠ ሰው የሞተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም በማርች 18 ቀን 1925 ዓ.ም. በሚዙሪ፤ በኢሊኖይና በኢንዲያና ያለፈውና 695 ሰዎች የገደለው ነው።

ዕድሜያቸውን በመዝገብ ላይ ያሳለፉ ሰዎች ቍጥር ሲያዩ አስቀድመው የሚመለከቱት የማይስማማውን ነው። በጦርነትም ሆነ በሌላ አደጋ ቍስለኛው ከሞተው መብዛቱ የተለመደ ነው። በናቼዝ ግን የሞተው ከቈሰለው በሦስት እጥፍ ያህል በለጠ። የዚህ ምክንያቱ ውኃው ነው። ቤት የተናደበት ሰው እግሩ ተሰብሮ ሊወጣ ይችላል፤ በጐርፍ በሞላ ወንዝ መካከል ጀልባው የተገለበጠበት ሰው ግን መካከለኛ ዕጣ የለውም። ይህ ከታወቀ ዘንድ ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል። በየጀልባው ስንት ሰው እንደ ነበረ ማን ያውቅ ነበር? ልጆቹ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው፤ ስማቸውን የያዘ የወደብ ሹም አልነበረም። ሬሳውን ወንዙ ወደ ታች ወስዶታል። በኦሃዮና በኬንታኪ ያለች እናት ልጅዋ መሞቱን የምታውቀው በደብዳቤ ሳይሆን በመከር ጊዜ ሳይመለስ በመቅረቱ ነው።

ከዚህም የሚከብድ ሦስተኛ ጥያቄ አለ። ነፋሱ ወደ ከተማይቱ ከመድረሱ በፊት ያለፈው በጥጥ እርሻዎች ላይ ነው፤ በእርሻዎቹ የሚኖረውም ሕዝብ አብዛኛው ባሪያ ነበር፤ ቤቱም ነፋስ የማይችል ጐጆ ነበር። የከተማይቱ ጋዜጣ ራሱ በሉዊዚያና በኩል ካሉት እርሻዎች የመጣውን ወሬ ሲያትም በመቶ የሚቈጠሩ ባሮች እንደ ሞቱ ጽፏል። እነዚህ መቶዎች ግን በ317 ውስጥ የሉም። ስለዚህ የታሪክ ጸሐፊዎች እውነተኛው ቍጥር ከተጻፈው ይበልጣል ይላሉ። በሕጋቸው ባሪያ ንብረት ነውና ሞቱ እንደ ሰው ሞት የሚቈጠር አልነበረም።

ማንም አንባቢ እንግዲያው የባሮቹ ስም ከቶ በመዝገብ አይጻፍም ነበር ማለት ነው ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ በቀለለን። በሚሲሲፒ የፍርድ ቤት መዝገቦች የባሪያ ሽያጭ ውል ከመሬትና ከቤት ሽያጭ ውል ጋራ በአንድ ቅጽ ተጽፎ ዛሬም ይነበባል። በውሉ የባሪያው ስም፤ ዕድሜው፤ የገዢውና የሻጩ ስም፤ ዋጋውም በዶላር ይገኛል። ባለ ርስት በሞተ ጊዜ ደግሞ ንብረቱ ሲቈጠር የባሮቹ ስም ከበቅሎዎቹና ከማረሻዎቹ ጋራ እየተዘረዘረ በፊቱ ግምቱ ይጻፋል። ስለዚህ አንዲት ሴት ስትሸጥ በስሟ ተጽፋ፤ ጌታዋ ሲሞት ደግሞ በስሟ ተጽፋ፤ በሜይ 7 ቀን ግን ራስዋ በወደቀ ጐጆ ሥር ስትሞት ሳትጻፍ ልትቀር ትችላለች። ይህን መዝገብ የያዘው ጨካኝ ነጋዴ አይደለም። ብርዑን በቀለም እየነከረ፤ ስሕተት እንዳይገኝበት እየተጠነቀቀ፤ ማታም ወደ ልጆቹ የሚመለስ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። መልካም ጸሐፊም ነበረ፤ ምክንያቱም ጽሑፉ ከ180 ዓመት በኋላ ያለ ችግር ይነበባል። እኛ የእርሱ የሙያ ባልደረቦች ነንና ይህን ባሰብን ጊዜ በእጃችን ያለውን ብርዕ አየነው። በችሎት ፊት ሰው ሞተ ሲባል ማን ይባላል፤ ማንስ አየው ብለን እንጠይቃለን፤ ያልተጠየቀበት ሞት ግን ወደ ጠረጴዛችን አይመጣም።

ስለ ነፋሱ ራሱ የቀረውን ባጭሩ እንናገር። በናቼዝ የአየሩን ሁኔታ ዘወትር ይመዘግቡ የነበሩ ሄንሪ ቱሊ የሚባሉ ሐኪም ስለ ዐውሎ ነፋሱ ጽፈው ነበር። ብዙ ቤቶች ግድግዳቸው ወደ ውጭ መውደቁ በዚያ ጊዜ ሊቃውንቱን ያስገርም ስለ ነበረ፤ በውስጥ የታፈነው አየር ቤቱን ያፈነዳዋል የሚል አሳብ ጸና። ከዚህም የተነሣ በአሜሪካ ቤተ ሰቦች ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ መስኮት ክፈቱ የሚል ምክር ለብዙ ዘመን ሲሰሙ ኖሩ። ምክሩ ስሕተት ነው። ቤትን የሚያፈርሰው የነፋሱ ጕልበትና የሚወረውረው ፍርስራሽ ነው፤ መስኮት መክፈት ነፋሱን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ሊከፍት የሚሄደውም ሰው ከመስተዋቱ አጠገብ ይቆማል። ዛሬ የሚሰጠው ትእዛዝ ወደ ምድር ቤት፤ ምድር ቤት ከሌለ መስኮት ወደሌለው ወደ መካከለኛው ክፍል ገብቶ ራስን ሸፍኖ ዝቅ ማለት ነው። እንዲሁም ወንዝ ቶርኔዶን ያግዳል የሚሉ ሰዎች በብዙ ከተማ ይገኛሉ፤ እነዚህ የናቼዝን ታሪክ አላነበቡም።

በ1840 ዓ.ም. ነፋሱን ከሩቅ ያየ ሰው ቢኖር እንኳ ለከተማይቱ የሚነግርበት መንገድ አልነበረውም። የሞርስ የቴሌግራፍ ሽቦ በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል የተከፈተው በ1844 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ የአሜሪካ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሕዝቡ ይደነግጣል ብሎ እስከ 1938 ዓ.ም. ድረስ ቶርኔዶ የሚለውን ቃል በትንበያው እንዳይጠቀሙበት ከልክሎ ነበር። ሰው በድንጋጤ ከሚሞት ባለማወቅ ይሙት እንደ ማለት ነው። በማርች 25 ቀን 1948 ዓ.ም. ሁለት የአየር ኀይል መኰንኖች በኦክላሆማ ለሚገኝ የጦር ሰፈር ቶርኔዶ ይመጣል ብለው አስቀድመው ተናገሩ፤ በዚያው ማታም መጣ። ዛሬ በራዳር ታይቶ ማስጠንቀቂያው በየቤቱ ይደርሳል፤ ጊዜው የሚቈጠረው ግን አሁንም በደቂቃ ነው።

ናቼዝ ዛሬም በኰረብታዋ ላይ አለች። የታችኛውን ሰፈር ነፋሱ ከመታው በኋላ ወንዙ ራሱ መሬቱን እየበላ አብዛኛውን ወስዶታል፤ የተረፈው አንድ መንገድና ጥቂት ቤቶች ናቸው። የባሪያው ገበያ የነበረበትም ስፍራ ዛሬ ለመታሰቢያ በመንግሥት ይጠበቃል። ከዐውሎ ነፋሱ በኋላ መቶ ዓመት ሊሞላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፤ በኤፕሪል 23 ቀን 1940 ዓ.ም. ሌሊት፤ በዚያችው ከተማ ጥቍሮች በሚሰበሰቡበት የሙዚቃ አዳራሽ እሳት ተነሣ። መስኮቶቹ በሳንቃ ተመትተው ስለ ነበር 209 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹም ወጣቶች ነበሩ። የእነዚህ ስም በገደሉ ጫፍ ባለው የሕዝብ መናፈሻ በመታሰቢያ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ስሞቹን አንብቦ ፊቱን ወደ ምዕራብ የሚያዞር ሰው ከበታቹ የሚያየው ጠፍጣፋዎቹ ጀልባዎች የሰጠሙበትን ውኃ ነው፤ ከማዶም የሉዊዚያናን እርሻ።